ጀማል በእጁ የወሰደው ፖስታ

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ሕይወት ሥራ አግኝታ፣ ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ አምጪ ስለተባለች አብሬያት ፖሊስ ዘንድ ሄድኩ። መንገዱ ጠፍቷት አይደለም፤ ጭሮ ውስጥ ያንን ግቢ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ከተማችን ገና አሰበ ተፈሪ እየተባለች ሳለ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤቱ የእኔ ነበር። ዛሬ ሕንጻው ሌላ ነው፤ በር ላይ የሚቆሙትም የልጆቼ ልጆች እኩዮች ናቸው። ቢሆንም ስገባ «ጋሽ ተሾመ» ብለው ተነሥተው ያሳልፉኛል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንዲት ወጣት ፖሊስ የሕይወትን ጣቶች አንድ በአንድ ብርሃን ባለው መስታወት ላይ አስቀመጠች። በእኛ ጊዜ ጣት በጥቁር ቀለም ይለቀለቅና ባለጉዳዩ እጁን በጋዝ ቢያሸውም ሳምንት ሙሉ ጥፍሩ ሥር ቀለም ይዞ ይከርም ነበር። አሁን ቀለሙም የለ፣ ጋዙም የለ። ጥቂት እንደጠበቅን ወረቀቱ ታትሞ ወጣ። ከኋላችን ተራ ይዘው የነበሩ አንዲት እናት ይህን ሁሉ ትክ ብለው ሲያዩ ቆይተው፣

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ቢሳሳትስ?» አሉ።

«ማሽን አይሳሳትም እማዬ፤ አይስጉ» አለች ፖሊሷ ፈገግ ብላ።

ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በዚያ ግቢ ውስጥ ያንን የመሰለ ቃል፣ ያንኑ የመሰለ ፈገግታ ይዤ ስናገር የኖርኩት እኔ ነበርኩ። «የእኔ ካርድ አይሳሳትም» ነበር የምለው።

ሕይወት ደስ ስላላት ምሳ ጋበዘችኝ። ትኩስ ሳምቡሳ በሚጥሚጣ አቀረቡልን። አንዱን ገመስኩና መልሼ አስቀመጥኩት። «አባባ፣ ምነው፣ አመመህ?» ስትለኝ፣ ሙቀቱ ነው አልኳት። ሙቀቱ አልነበረም፤ ጀማል ነበር።

ስለ ጀማል ከመናገሬ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። አባቴ የመንገድ ሥራ ይዞት ከሰላሌ የመጣ ሰው ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተብኝና ትምህርቴ እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው። የጽሕፈት መኪናን ፊደላት ካርቶን ላይ ሥዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቶቼን እያሯሯጥኩ ታይፕ ተማርኩ። እውነተኛውን ማሽን የነካሁ ዕለት፣ ሐረር ድረስ ሄዶ ከተማረው ልጅ ቀድሜ ገጹን ጨረስኩ። ኦሮምኛውን ገበያ ላይ፣ ሕጉን ከዳኞች አፍ፣ የደብዳቤ አጻጻፉን ከአሮጌ ፋይሎች ለቀምኩ። በሃያ ሦስት ዓመቴ የፖሊስ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ።

መዝገብ ቤቱን ስረከብ ፋይሎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቀው የአይጥ ሽታ ይሸቱ ነበር። በዚያ ጊዜ መንግሥት ሰው ሲቀጥር «ይህ ሰው በወንጀል ተከሶ እንደሆነ ተጣርቶ ይገለጽልን» ብሎ ይጽፍልናል። ያንን ለማጣራት ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ይፈጅ ነበር። እኔ ይህን አየሁና ማንም ሳያዘኝ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። በየፋይሉ ውስጥ ስሙ የተጠራ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ካርድ እንዲኖረው አደረግኩ፤ ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ መንደሩ፣ የፋይሉ ቁጥር። ተከሳሽ ከሆነ ካርዱ ሮዝ፣ ከሳሽ ወይም ምስክር ከሆነ ነጭ። ከሻይ ሳጥን ጣውላ መሳቢያ አሠርቼ በፊደል ተራ ደረደርኳቸው። ሁለት ሳምንት የሚፈጀውን ሥራ በደቂቃዎች የምጨርስ ሆንኩ። ይህንን የሚመስል ነገር በጨርጨር ምድር ከእኔ በፊት ያሰበው አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን አፌን ሞልቼ እናገረዋለሁ።

ካርዱን ካወጣሁ በኋላ ፋይሉን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። ይህንንም ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

የመጀመሪያው ጥፋት የደረሰው በአንድ ክረምት ነው። ወፍራሙ ወረቀት የሚመጣው ከሐረር ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ መንገዱን ጭቃ ዘጋውና ነጩ ካርድ አለቀብኝ። የነበረኝ ሮዙ ብቻ ነው። ሥራ አቁሜ ከመጠበቅ ሁሉንም በሮዝ ጻፍኩ፤ ተከሳሹንም፣ ከሳሹንም፣ ምስክሩንም። ነጩ ሲመጣ እገለብጠዋለሁ አልኩ። ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት ማድረግ ይቻል ነበር፤ ግን እኔ እያለሁ ምልክት ምን ያደርጋል አልኩ። እያንዳንዱን ሰው በጭንቅላቴ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። መንገዱ ተከፈተ፣ ነጩ ካርድም መጣ፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመት አለፈ።

በዓመቱ ጥቅምት፣ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ወፍ የሚጠበቅበት ሰሞን፣ ጀማል መጣ። ከበደሳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሳሙና የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ያደረገ፤ የላስቲክ ጫማው ብቻ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ የያዘ። እኩያዬ ነበር። ሚኤሶ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሦስት ዓመት ሠርቶ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሹፌርነት ሊቀጥረው ፈተናውን አልፎ፣ የቀረው የእኛ ማጣሪያ ብቻ ነበር። የገበሬ ልጅ ቋሚ የመንግሥት ሹፌር መሆን ያኔ ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግራል።

«ጸሐፊው አንተ ነህ?» አለኝ።

በዚያ አገር ሰው ሁሉን አንተ እንደሚል ባውቅም ከፋኝ። እርስዎ ባይለኝ እንኳ ትንሽ ጎንበስ ይላል ብዬ ነበር። ደብዳቤውን ተቀበልኩትና ተቀመጥ እንኳ ሳልለው ወደ ውስጥ ገባሁ።

አለቃችን ሻምበሉ በዚያ ሰዓት ለሥራ ጉዳይ ከሐረር የመጡ አንድ ዳኛ ተቀብለው ቅመም የገባበት ሻይ ይጠጡ ነበር። እኔን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ሰው ፊት ሊያሳዩኝ ይወዱ ነበር። ይኼ ልጅ አራተኛ ክፍል ብቻ ተምሮ እንዴት ያለ ነገር እንደሠራ ለዳኛው ተረኩላቸውና፣ «እስቲ ተሾመ፣ ያችን ሥራህን አሳያቸው» አሉኝ። ዳኛው ሻይ ገና ቀርቦላቸው ብርጭቆው ይጨሳል።

«ይኼ ሻይ ሳይበርድ መልሱን ጽፌ አመጣለሁ» አልኩ።

ወደ መሳቢያው ሄድኩ። ጀማል ሙመዴ፣ የአያት ስሙ ልክ፣ መንደሩ ልክ። ካርዱ ሮዝ ነበር። ፋይሉ ያለው በሦስተኛው ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው፤ መሰላል ይፈልጋል። የዳኛው ሻይ እየቀዘቀዘ ነው። ፋይሉን ሳልከፍት ታይፑ ላይ ተቀመጥኩና «ከላይ የተጠቀሰው ሰው በወንጀል ተከሶ በመዝገባችን የሚገኝ መሆኑን እንገልጻለን» ብዬ ጻፍኩ። ሻምበሉ ፈረሙ። ዳኛው ብርጭቆውን በመዳፋቸው ይዘው ገና ትኩስ መሆኑን አረጋገጡና ሳቁ። እጄን ጨበጡኝ። እንዲያውም ትዝ ይለኛል፣ ሲያጣሩት ወንጀለኛ የሚገኝ ሰው እንዴት ያለ የታጠበ ሸሚዝ ያደርጋል ብዬ ተገርሜ ነበር።

ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ይሄዳል፤ መዝጊያው ላይ ማኅተም ይመታበታል። ፖስታ ቤቱ ይዘገያል እየተባለ ደግሞ በአብዛኛው ለባለጉዳዩ ለራሱ ነበር የሚሰጠው። ይዞ ይሄዳል፤ ውስጡ ያለውን አያውቅም። ጀማል ፖስታውን ተቀብሎ በሁለት እጁ አቧራ የነካው ይመስል ጠረገውና ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ከፌስታሉ ሁለት ትልልቅ ፓፓያ አወጣ።

«ከጓሯችን ነው። አጎቴ ነው ውሰድለት ያለኝ» አለ። «ሥራ ስገባ መጀመሪያ እሱን ነው መኪና ላይ የማወጣው። ዳገት ሲሆን ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ደግሞ አልፈራሁም ይላል፤ ወላሂ።»

እየሳቀ ወጣ። ፓፓያውን በሎሚ በላሁት፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ፓፓያ ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም።

ዳኛው ያዩትን ሐረር ላይ አውርተውት ኖሮ፣ ከወር በኋላ የእኔን ካርድ የሚጎበኙ ሰዎች ይመጣሉ የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ሻምበሉ ግቢውን ኖራ አስቀቡት። እኔም መሳቢያዎቼን ላሳምር ብዬ፣ ያንን ዓመት ያሳደርኩትን የክረምት ሮዝ ካርድ ከፋይሉ ጋር እያስተያየሁ መገልበጥ ጀመርኩ። ነገሩ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም ብዬ ነበር። ወደ ማብቂያው የጀማል ካርድ እጄ ገባ። መሰላል ላይ ወጥቼ ፋይሉን አወረድኩ፤ እዚያው መሰላሉ ላይ ቆሜ ከፈትኩት።

ነገሩ የውኃ ጠብ ነበር። የጀማል አጎት አሊዪ የሚባሉ ሰው፣ የጫት ማሳቸውን ከሚያጠጣው ቦይ የተነሣ ከጎረቤታቸው ተጣልተው በዱላ መትተውታል። ተከሳሹ እሳቸው ናቸው። ጀማል የተጠራው ባየው ሊመሰክር ብቻ ነው። ቃሉን የጻፈው ፖሊስ እንደተናገረው አድርጎ ነው ያሰፈረው፦ «ያሳደገኝ አጎቴ ነው። እናቴም አባቴም እሱ ነው። የመታው ግን እሱ ነው። ሌላው ሰው አልመታም።» በዚያ መዝገብ ቤት ውስጥ ብዙ ሺህ ቃል አንብቤአለሁ። እንደዚያ ያለ ቀጥ ያለ ቃል አላነበብኩም። እኔ ወንጀለኛ ብዬ የጻፍኩት ያንን ሰው ነበር።

ከመሰላሉ ወረድኩ። ሹፌር ሊቀጥር የነበረው መሥሪያ ቤት ለሥራው ገና ሰው እንዳላስገባ በዚያው ጠዋት ከአንድ ከዚያ ከመጣ ተላላኪ ሰምቼ ነበር። አንድ ደብዳቤ ይበቃል፦ «በስሕተት የተገለጸ ስለሆነ ይታረም።» ታይፑ እዚያው አለ። ፊርማው ግን የሻምበሉ ነው።

በራቸው ላይ ደርሼ ቆምኩ። ቀና ብለው አዩኝና እኔ ሳልናገር እሳቸው ጀመሩ። እንግዶቹ ነገ ጠዋት እንደሚደርሱ፣ ይህ ዘዴ ለሌሎቹም አውራጃዎች እንዲሆን እንደታሰበ፣ እኔም ዕድገት ሊሰጠኝ እንደሆነ ነገሩኝ። «ካርዱ አይሳሳትም ብዬ ጽፌላቸዋለሁ» አሉ። ከዚያ፣

«ምን ፈልገህ ነበር ተሾመ?» አሉኝ።

«ምንም ጌታዬ። ሻይ ላስመጣልዎ ብዬ ነው።»

እስከ ዛሬ ድረስ የማስታውሰው ይህንን ዓረፍተ ነገር ነው። በዚያች ቀን ከአፌ የወጣ ቀላል ቃል ነው፤ ከዚያ የከበደ ነገር ተናግሬ አላውቅም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እጽፋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እንግዶቹ መጡ፤ መሳቢያዎቹን እየከፈቱ ተደነቁ፤ ፎቶግራፍም አነሱኝ። ሁለት ቀን ቆይተው ሄዱ። በማግስቱ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄጄ በዘዴ ስጠይቅ፣ ሹፌሩ ትናንት ገብቷል አሉኝ። ሌላ ሰው ነበር።

ያኔም ቢሆን ቢጻፍ ለሌላ ጊዜ ይጠቅመው ነበር። አልጻፍኩም። ያደረግኩት ሌላ ነው፤ ሮዙን ካርድ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩና ለጀማል ንጹሕ ነጭ ካርድ ጻፍኩለት። መዝገቤ ታረመ፤ ሰውየው ሳይታረም ቀረ።

ኅዳር ሲያልቅ ማሽላው ታጭዶ ገበያው በአዲስ እህል በተጥለቀለቀበት ሰሞን ጀማል ተመልሶ መጣ። ሸሚዙ ያው ነው፤ ሰውየው ግን ያው አልነበረም። ግቢው ውስጥ ካለው የግራር ጥላ ሥር ወስጄው ቆምን። ወንጀል አለብህ ብለው እንደመለሱት፣ ምን ወንጀል ብሎ ሲጠይቅ ፖሊስን ጠይቅ እንዳሉት ነገረኝ። ከዚያ ሐሳቡን ፈራ ተባ እያለ አወጣው። ፖሊስ ቤት ስሙ የተጠራው በአጎቱ ነገር ብቻ ነው። አጎቱ ሁለት ወር ታስረው ሲወጡ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታርቀዋቸዋል፤ የፋቲሐ ጸሎት ተደርጓል፤ አጎቱም እውነት የተናገረ ልጅ ነው ያሳደግኩት ብለው ግንባሩን ስመውታል። አሁን ግን ያ ሁሉ ለአፍ ብቻ ኖሯል ወይ ብሎ ተጠራጥሯል። ታስረው ሳሉ፣ ዱላውን ያቀበለኝ እሱ ነው ብለው ስሙን አስገብተውበት እንደሆነስ?

«ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አለኝ። «ሥራውን ተወው፤ ሥራው ሄደ። አጎቴ ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ። አይደለም በለኝና ልሂድ።»

አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው። አይደለም ብል ታዲያ ማን ነው ይለኛል። ማን ነው ካለኝ ደግሞ እኔ ነኝ። ዕድገቴ በወሩ ሊጸድቅ ነው፤ ሻምበሉ ስለ ካርዱ ጽፈዋል።

«የመዝገብ ምስጢር አይወጣም» አልኩት። ይህንን ያልኩት ኮራ ብዬ ነው። ሕግ የማከብር መስዬ።

«እሺ፤ ስም አትጥራ። እሱ ነው ወይ?»

«እኔ እሱ ነው አላልኩም።»

ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጠው ምን እንደሚረዳ እኔ አላወቅሁም ማለት አልችልም፤ ቋንቋ የማውቅ ሰው ነኝ። ጀማል ራሱን ነቀነቀና «አሚን» ብሎ ሄደ። ለምን አሚን እንዳለ አልገባኝም፤ ምናልባት የሚለው ሌላ ቃል አጥቶ ነው።

የሆነውን ሁሉ የሰማሁት በገበያ ሰዎች አፍ ነው። ጀማል ከአጎቱ ቤት ወጣ። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። አሊዪ ቁርአን ይዘው ማሉ፤ ስለ እሱ ለማንም አልተናገርኩም አሉ። ጀማል ግን የፖሊስ ጸሐፊ ፊቱን እያየሁት ነግሮኛል አለ። አንድ የበደሳ ነጋዴ ይህንን ሲያወራልኝ ስሜን አያውቅም ነበር፤ «እናንተ ቤት ያለ አንድ ጸሐፊ» ነበር የሚለው። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩለት። ጀማል ሚኤሶ ወርዶ የሰው የጭነት መኪና እየነዳ እዚያው ቀረ። አሊዪ ከስድስት ዓመት በኋላ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ የወንድማቸው ልጅ አልቆመም ብሎ አገሩ ለረጅም ጊዜ አወራው። ለሙስሊም የአሳዳጊውን ጀናዛ አለመሸኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አብሬ የኖርኩ ሰው ነኝና አውቃለሁ።

እኔ አደግኩ። የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። የእኔ ካርድ ገለምሶም ደረሰ፣ ሌላም ቦታ ደረሰ። ጡረታ ስወጣ ንግግር ተደረገልኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ በየመሀሉ የግራሩ ጥላ ትዝ ይለኛል፤ ወዲያው ሌላ ነገር አስባለሁ። ሰው ነገርን መርሳትም በራሱ ሊማር ይችላል፤ እኔ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

ሳምቡሳው አልበላ ካለኝ ቀን በኋላ ግን የሚረሳ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሚኤሶ ወረድኩ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ የቆላው ነፋስ ፊቴን እንደ ምጣድ ግለት መታው። ይኖር ይሆን፣ ሞቶ ይሆን አላወቅሁም። በመጀመሪያ የጠየቅሁት ሰው ግን ጣቱን ቀሰረልኝ። አስፋልቱ ዳር ጎማ የሚጠገንበት የቆርቆሮ ጥላ አለ፤ ባለቤቱ ጀማል ነው። ጢሙን ሂና አቅልሞ በትልቅ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ አላወቀኝም። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ነኝ ስለው «ገና አልሞትክም?» አለኝ፤ በክፋት አልነበረም። ወንበር አስመጣልኝ። የመጣሁበትን ከካርዱ ቀለም ጀምሬ እስከ ግራሩ ሥር ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ዳኛው ስለያዙት ሻይ ሳይቀር ነገርኩት። አንድ ከባድ መኪና መጥቶ ሹፌሩ ቢጠራው እጁን አነሣበት። ስጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«አይደለም ማለት አቅቶህ ነው?» አለ።

«አዎ።»

«አንዲት ቃል?»

«አዎ፤ አንዲት ቃል።»

ተነሣ፤ ሱቁን ዘጋ። የት እንደምንሄድ አልነገረኝም። ጭሮ ደርሰን ሚኒባስ ቀይረን በበደሳ መንገድ ስንወጣ ነው የገባኝ። በሁለቱም በኩል ጫቱ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ሴቶች በጀርባቸው እንጨት ይዘው ዳር ይይዙልናል።

የአሊዪ ቤት ዛሬ የልጃቸው የሂንድያ ነው። ስልሳውን ያለፈች ሴት ናት። ጀማልን በር ላይ ስታይ እጇ ላይ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች፤ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ግቡ አለችን። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «ንገራት» አለኝ፤ ሌላ ነገር አላለም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ለእሱ ስናገር ከብዶኝ ነበር፤ ለእሷ ስናገር ግን ውኃ ሦስት ጊዜ ጠጣሁ።

ሂንድያ እኔን ሳይሆን እሱን እያየች ነበር የምትሰማው። ስጨርስ አባቷ በመጨረሻ ቀናቸው ፊቴን ወደ በሩ አድርጋችሁ አስተኙኝ እንዳሉ ነገረችው። ሰው ሲገባ ዓይናቸውን ገልጠው እያዩ መልሰው ይጨፍኑ ነበር። ይህንን የተናገረችው ሰው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ አድርጋ ነው። ጀማል ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ትንሽ ቆይቶ ተነሣና «የት ነው?» አላት። ከደጃፉ ወጥታ ቁልቋል የከበበውን የመቃብር ኮረብታ በእጇ አሳየችው። ብቻውን ሄደ። በዱላው እየተደገፈ ቀስ ብሎ ሲወጣ እኔና እሷ ደጃፉ ላይ ቆመን አየነው። ከዚያ ሆጃ በትንሽ ብርጭቆ አመጣችልኝ፤ የቡና ቅጠል በወተት የፈላ፣ ጨው የገባበት።

«አባቴ ጸሐፊውን ረግሞ አያውቅም» አለችኝ። «ስምህን አያውቅም ነበር። እኛም አናውቅም ነበር።»

«ተሾመ እባላለሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ስሜን ደግማ አልጠራችውም።

ጀማል ሲመለስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። ጉልበቱ ላይ ቀይ አፈር አለ። ይቅር በለኝ ልለው ተነሣሁ፤ በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አማርኛዬ ደግሞ አይታማም። ሳልጀምር በእጁ አቆመኝ።

«ዛሬ አትናገረኝ» አለ። «የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጥህ ነው። ሂድ።»

እሱ አብሮኝ አልመጣም። እዚያው ቀረ፤ ሂንድያ አልጋ ልታነጥፍለት ስትገባ አየኋት።

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት ሊሆን ነው። ሕይወት ሥራዋን ጀምራለች፤ ማታ ስትመለስ የድሮውን የፖሊስ ቤት ጨዋታ ጀምርልኝ ትለኛለች። እኔም ይህንኑ ነገርኳት፤ ሁለት ቀን ያህል ዓይኔን ሳታየኝ ዋለች። ብዙ ሰው ስለ እኔ ብዙ በጎ ነገር ያውቃል፤ እኔው ነኝ የነገርኩት። ይህንንም እኔው ልንገረው ብዬ ጻፍኩት። ጀማል ያኔ ሂድ ሲለኝ ያባረረኝ ይሁን፣ ለእኔም አስቦ ይሁን፣ ብዙ አገላብጬ አላገኘሁትም። እንደዚህ ያለውን ነገር ያለ ባለቤቱ ማንም ሊያጣራው አይችልምና፣ ወደ ሥራው መመለሱን ሰምቼ ነገ ጠዋት ሚኤሶ እወርዳለሁ። ዝም ካለኝም ጎማው ላይ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እመለሳለሁ።